ገጣባና ዝንብ፦ ከበርበሬ በረንዳ የጭነት አህያ እስከ ጓሮ ጥንቸል

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ውስጥ የሚገኘው በርበሬ በረንዳ ከማረቆ፣ ከአላባ፣ ከቡሬና ከሌሎች አምራች አካባቢዎች የሚመጣው ዛላ በርበሬ በጆንያ የሚራገፍበትና ለቸርቻሪ የሚከፋፈልበት የጅምላ ገበያ ነው። እንደ ሌላው የመርካቶ ክፍል ሁሉ እዚህም ሸቀጡ መኪና በማያሳልፉ መተላለፊያዎች የሚጓጓዘው በተሸካሚ ትከሻ፣ በእጅ ጋሪና በአህያ ጀርባ ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ ስትጫንና ስትራገፍ የምትውል አህያ ጭነቱና መጫኛው በሚያርፉባት ቦታ፣ ማለትም በትከሻዋ ጫፍ፣ በአከርካሪዋ ግራና ቀኝ፣ በደረቷና ጅራቷ ሥር በሚያልፈው ገመድ መስመር ላይ ቆዳዋ ይፋቃል፤ ፍቂያው ሳይድን እንደገና ትጫንበትና ቁስል ይሆናል። ይህ የጋማ ከብት የጀርባ ቁስል ገጣባ ይባላል። ገጣባ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ዝንብ እንቁላሏን ትጥልበታለች፤ እንቁላሉ በሰዓታት ውስጥ ተፈልፍሎ ትል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ ቁስሉ ተልቷል ይላል። የዝንብ እጭ በሕያው እንስሳ ገላ ላይ ወይም ውስጥ እየተመገበ የሚያስከትለውን ይህን ሕመም የእንስሳት ሐኪሞች ማያሲስ ይሉታል፤ ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1840 ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው የነፍሳት ተመራማሪ ፍሬደሪክ ዊሊያም ሆፕ ነው።

ሕመሙ የአህያ ብቻ አይደለም። በግን፣ ውሻን፣ ዶሮንና ድመትን ያጠቃል፤ ራሱን መጠበቅ በማይችል ሕመምተኛ ሰው ቁስል ላይም ይታያል። ከቤት እንስሳት ሁሉ በፍጥነት የሚገድለው ግን ጥንቸልን ነው። አህያ የተላ ገጣባ ተሸክማ ለሳምንታት ልትሠራ ትችላለች፤ ጥንቸል ግን ዝንብ ካረፈችባት በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በሁለቱ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ሰፊ ቢሆንም፣ ዝንቧን የሚጠራው ምክንያት በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው፦ ከትሉ በፊት የነበረ፣ ታይቶ የታለፈ ወይም ጭራሽ ያልታየ እርጥበት ወይም ቁስል አለ። ስለዚህም ትሉን ለቅሞ መጣል ሥራው ሲጋመስ እንጂ ሲያልቅ አይደለም።

በርበሬ በረንዳ በምግብ የተሞላ ገበያ ሆኖ ሳለ ሸቀጡ ራሱ ለዝንብ እጭ ማደጊያ አለመሆኑ ነገሩን ለመረዳት ይጠቅማል። ዛላ በርበሬ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ደረቅ ናቸው፤ የበርበሬ ነጋዴ ሥጋት ዕቃው እርጥበት ይዞ እንዳይሻግትና ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ እንዳያመነጭ ነው። የዝንብ እጭ በአንጻሩ እርጥበትና ፕሮቲን ካላገኘ አያድግም፤ ስለሆነም የሚራባው በሥጋ ትራፊ፣ በፍግ፣ በበሰበሰ አትክልትና ሜዳ ላይ በተጣለ በድን ላይ ነው። ይህን ሕግ ቋንጣ የምትሰቅል ባለሙያ ሁሉ በተግባር ታውቀዋለች፤ ሥጋውን ቀጭን አድርጋ የምትዘለዝለው፣ በጨውና በበርበሬ የምታሸው፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ የምታንጠለጥለው ዝንብ ሳትቀድማት ላዩ እንዲደርቅ ብላ ነው፤ ሰማዩ ደመና ሆኖ ማድረቁ ከዘገየ ቋንጣው ይተላል። የሕያው እንስሳ ቆዳም ደረቅና ያልተከፈተ እስከሆነ ድረስ ዝንብ ብታርፍበት እንኳ እንቁላሏ ጠውልጎ ይቀራል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው አነጋገር ስለ ሌላ ጉዳይ ቢነገርም እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

በዓለም ላይ በዚህ ሥራ የታወቀችው ዝንብ ሉሲሊያ የተባለው ወገን ናት፤ ከቤት ዝንብ ትንሽ ተለቅ የምትል፣ ሰውነቷ እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ ዝንብ ስለሆነች በቀላሉ ትለያለች። በኢትዮጵያና በአጎራባች አገሮች ክሪሶሚያ የተባሉት ሰማያዊ አረንጓዴ ዝንቦችም ይህንኑ ያደርጋሉ። እንስቷ የመግልን፣ የሽንትን፣ የተቅማጥንና የበሰበሰ ሥጋን ሽታ ከሩቅ አሽትታ ትመጣለች፤ በአንድ ጊዜም እስከ 200 የሚደርሱ፣ ነጭ ወይም ክሬም የሚመስሉና የሩዝ ፍሬ ቅርጽ ያላቸው ደቃቅ እንቁላሎች በፀጉር ሥር ወይም በቁስል ጠርዝ ላይ አጣብቃ ትሄዳለች። ሙቀትና እርጥበት ካለ እንቁላሉ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ ጥርስ የለውም፤ በአፉ ላይ ባሉ ሁለት ጥቃቅን መንጠቆዎች ቆዳውን እየቧጠጠ ሥጋን የሚያሟሙ ኢንዛይሞች ይረጭና የሟሟውን ይመጥጣል። በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው አሞኒያና ሌላው መርዛማ ፈሳሽ በተቧጠጠው ቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል፤ የቁስሉም ሽታ እየከረረ ሌሎች ዝንቦችን ይጠራል፤ እነርሱም በተራቸው ይጥላሉ። እጩ ሁለት ጊዜ ቆዳውን ቀይሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲጠግብ ከእንስሳው ላይ ይወድቅና አፈር ውስጥ ገብቶ ኩብኩባ ይሆናል፤ ሙቀት ባለበት ወቅት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ አዲስ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። መርካቶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኑ የሌሊቱ ብርድ ይህን ዑደት ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ በተለይ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በምትወጣበት በመስከረምና በጥቅምት፣ እንዲሁም ከበልግ ዝናብ በኋላ፣ እርጥበትና ሙቀት ስለሚገናኙ ዝንቡ ይበዛል።

ከነዚህ ለየት የሚለው ጥምዝ ትል የሚባለው ነው። ሉሲሊያና ብዙዎቹ ክሪሶሚያዎች በድን ላይም በቆሻሻ ላይም መራባት ስለሚችሉ በሕያው እንስሳ ላይ የሚጥሉት አጋጣሚው ሲመቻች ነው፤ ክሪሶሚያ ቤዚያና የተባለችው፣ ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካና በደቡብ እስያ የምትገኘው ዝንብ እጭ ግን ሕያው ሥጋ ካላገኘ አያድግም። ለእርሷ መዥገር የነከሰበት ቀዳዳ ወይም ያልደረቀ የጥጃ እትብት በቂ በር ነው። እጮቿ ጭንቅላታቸውን ወደ ውስጥ ቀብረው፣ ተጠጋግተው ሥጋውን እየቦረቦሩ ይገባሉ። ይህች ዝንብ በአሜሪካ አኅጉር ተመሳሳይ ሥራ የምትሠራ፣ ኮክሊዮማያ የተባለች አቻ አላት፤ እርሷም እ.ኤ.አ. በ1988 በሊቢያ ታይታ መላውን አፍሪካ አስደንግጣ ነበር። ከላቲን አሜሪካ ከመጡ ከብቶች ጋር ሳትገባ እንዳልቀረች የተገመተው ይህች ዝንብ ወደ ደቡብ ብትወርድ ኖሮ የሱዳንንና የኢትዮጵያን አርብቶ አደር፣ የዱር አራዊቱንም ጭምር ለከባድ አደጋ ታጋልጥ ነበር። የተወሰደው እርምጃ ያልተለመደ ነበር፦ በሜክሲኮ ፋብሪካ ተረብተው በጨረር የመከኑ ዝንቦች በአውሮፕላን ወደ ሊቢያ እየተጓጓዙ ከሰማይ ተለቀቁ፤ እንስቷ በዕድሜዋ የምትገናኘው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ከመካን ወንድ ጋር የተገናኘች ሁሉ የማይፈለፈል እንቁላል ጣለች። ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጡ ዝንቦች ከተለቀቁ በኋላ ሊቢያ እ.ኤ.አ. በ1992 ከዝንቧ ነፃ መሆኗ ታወጀ። የዘዴው አባቶች አሜሪካዊያኑ ኤድዋርድ ኒፕሊንግና ሬይመንድ ቡሽላንድ በዚያው ዓመት የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል።

ይህ ዘዴ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ መሆን አልነበረበትም። በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ በቃሊቲ፣ የገንዲ በሽታን የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ፣ ማለትም ጼጼ፣ በብዛት እየተረባች ወንዶቹ በጨረር እንዲመክኑና በደቡብ ስምጥ ሸለቆ እንዲለቀቁ የሚያስችል ማዕከል ተቋቁሟል፤ ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር በትብብር የተጀመረ ነው። ዝንብ በኢትዮጵያ የከብት ታሪክ ውስጥ ያላት ስፍራ የቆየ ለመሆኑም ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ አማርኛውን ስም ሳይለውጥ ስለ ዝንብ በሰፊው መጻፉ ምስክር ነው፤ እርሱ የገለጻት ዝንብ ግን የምትናደፍ እንጂ ቁስል የምታተላ አይደለችም።

ወደ አህያዋ ስንመለስ፣ ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች ሁሉ የበለጠ የአህያ ብዛት ያላት አገር ናት፤ ቁጥሩ 9 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። የዚህን ያህል ጉልበት የምትሰጥ እንስሳ ከሌሎች የቤት እንስሳት ያነሰ ሕክምና ማግኘቷ ለብዙ ዘመን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጥሮ ኖሯል፤ በዚህ በኩል ለውጥ ያመጡት በአብዛኛው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1969 በኤሊዛቤት ስቬንድሰን የተመሠረተው ዘ ዶንኪ ሳንክቹሪ፣ በቢሾፍቱ ካለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጋር ለረጅም ዓመታት ሲሠራ ቆይቶ በመርካቶ አቅራቢያ የጭነት አህዮች በነፃ የሚታከሙበት ክሊኒክ ከፍቷል፤ ብሩክና ስፓና የተባሉት ድርጅቶችም በአገሪቱ ውስጥ በጋማ ከብት ደኅንነት ላይ ይሠራሉ። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በአዲስ አበባ ባደረጉት ስብሰባ አህያን ለቆዳዋ ሲባል ማረድን መከልከላቸውም የእንስሳዋን ዋጋ ዘግይቶም ቢሆን የሚመሰክር ነው።

ገጣባን በሚመለከት የሐኪሞቹ ምክር ከመድኃኒት ይልቅ ወደ ጭነቱ ያዘነብላል። ጆንያ በቀጥታ በአከርካሪ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ በአጥንት ጫፍ ላይ ስለሚከማች በቆዳና በአጥንት መካከል ያለው ሥጋ ደም ያጣል፤ በግራና በቀኝ ጎን የሚያርፍ፣ በመካከሉ ለአከርካሪ ክፍተት የሚተው ወፍራም ድልድል ግን ሸክሙን ወደ ጎድኖች ያከፋፍላል። ድልድሉ የተሠራበት ዕቃም ይወስናል፤ የማዳበሪያ ከረጢትና የናይለን ገመድ ላብ አይመጥጡም፣ ቆዳን እንደ ሞረድ ይሞርዳሉ፤ ከጥጥ ወይም ከሱፍ የተሠራ፣ በየጊዜው የሚታጠብና በፀሐይ የሚደርቅ ድልድል ግን ይህን ይቀንሳል። የቆሰለች አህያ ቁስሉ ሳያገግም ከተጫነች ከገጣባ ላይ ትል መልቀም ትርጉም የለውም፤ ማግስቱን ጆንያው ሲያርፍበት ቅርፊቱ ይነሳና ለዝንብ አዲስ በር ይከፈታል። ችግሩ የአህያዋ ባለቤት የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው ከዕለት ሸክሟ መሆኑ ነው። ይህን ሳያነሣ ዕረፍት ስጧት ብሎ ብቻ የሚያልፍ ምክር ባዶ ነው፤ ሁለት አህያ ያለው ሰው ማፈራረቅ ይችላል፣ አንድ ብቻ ያለው ግን ቢያንስ ጭነቱን ከቆሰለው ቦታ አርቆ መጫንን ወይም ወደ ጋሪ መዞርን ካልተማረ ሌላ አማራጭ የለውም።

ጥንቸል ከዚህ ሁሉ የራቀች ትመስላለች። የኢትዮጵያ ደጋ ስታርክ በተባለው ተመራማሪ ስም የተሰየመች፣ በሌላ አገር የማትገኝ የዱር ጥንቸል መኖሪያ ቢሆንም፣ በጎጆ የምትረባው የቤት ጥንቸል ከደቡብ ምዕራብ አውሮፓ የመጣች ሌላ ዝርያ ናት። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት እንስሳት ጋር ስለተጠቀሰች የኦርቶዶክስ ክርስትና አማኙ አይበላትም፤ በመሆኑም በአዲስ አበባ ግቢዎች የምትገኘው አብዛኛውን ጊዜ ለልጆች ደስታ ነው፤ ለልጆች የተገዛች እንስሳ ደግሞ ልጆቹ ሲሰለቹ በሳጥኗ ውስጥ ትረሳለች። መርሳቱ ጭካኔ አይደለም፤ ጥንቸል ብዙም ድምፅ አታሰማም፣ አትለምንም፣ አዳኝ አውሬ እንዳያውቅባት ሕመሟን የምትደብቅ ፍጥረት ናት።

በዘሌዋውያን ጥንቸል ከሚያመሰኩ እንስሳት ጋር መቆጠሯ ለረጅም ዘመን ያነጋገረ ጉዳይ ነው፤ እንደ ላም አራት ክፍል ያለው ጨጓራ የላትምና። ነገር ግን ከማመስኳት ጋር የሚቀራረብ ሥራ ትሠራለች። ሣሩ በዕውር አንጀቷ ውስጥ በባክቴሪያ ከተብላላ በኋላ ሴኮትሮፍ የተባለ፣ የወይን ዘለላ የሚመስል ለስላሳ ኩስ ሆኖ ይወጣል፤ ጥንቸሏም አጎንብሳ በቀጥታ ከፊንጢጣዋ ተቀብላ ትውጠዋለች፣ በውስጡ ያለውን ፕሮቲንና ቫይታሚንም በሁለተኛው ዙር ታገኛለች። ሜዳ ላይ የሚታየው ደረቅና ክብ በጠጥ ሌላ ነው። የዝንብ ጥቃት የሚጀምረው ይህ የመልሶ መብላት ሥራ ሲሰናከል ነው። ፉርሽካ፣ ዳቦና ካሮት እየበላች የወፈረች ጥንቸል ጀርባዋን አጥፋ መድረስ አትችልም፤ ያረጀችው መገጣጠሚያዋ ያማታል፤ ጥርሷ ያለ ልክ ያደገባት ደግሞ መላስና ማበጠር ያቅታታል። በተጨማሪም ስታርችና ስኳር የበዛበት ምግብ ሴኮትሮፉን ያቀጥነዋል። ሳይበላ የቀረው ለስላሳ ኩስ ጅራት ሥር ካለው ፀጉር ጋር ይጣበቃል፤ ሽንት ሲጨመርበት ቆዳው ይርስና ይቃጠላል፤ እዚያ ያለው የቆዳ እጥፋትም ጨለማ፣ ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ የሚገኙበት ስፍራ ነው። አረንጓዴዋ ዝንብ ከዚህ የተሻለ ቦታ አትፈልግም፤ ቁስል እንኳ አያስፈልጋትም፣ የረጠበው ቆዳ ለአዲስ እጭ በቂ ነው።

ምልክቱ ለማያውቅ ሰው ደካማ ነው። ጥንቸሏ ምግብ ትተዋለች፣ ጥግ ይዛ ትኮማተራለች፣ አንዳንዴም በሕመም ጥርሷን ታፋጫለች፤ በቅርብ ሲሄዱ መጥፎ ሽታ አለ። ያን ጊዜ ገልብጦ ጅራቷ ሥር ያየ ሰው ከሚንቀሳቀሱት ትሎች በፊት በፀጉሩ ላይ የተጣበቁትን እንቁላሎች ሊያገኝ ይችላል፤ እንቁላሉ ላይ የደረሰ ዕድለኛ ነው። እጮቹ ወደ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚገድላት ከበሉት ሥጋ ይልቅ ወደ ደም የገባው መርዝ፣ ሕመሙና ድንጋጤው ናቸው፤ ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፣ አንጀቷ ይቆማል። የጥንቸል አንጀት ያለማቋረጥ መሥራት ያለበት ስለሆነ ለግማሽ ቀን ያህል ያልበላች ጥንቸል በራሱ በረሃቡ ምክንያት አደጋ ላይ ናት።

ስለሆነም የተላች ጥንቸል ለነገ የምትቀጠር ሕመምተኛ አይደለችም፤ በሰዓቱ የእንስሳት ሐኪም ሊያያት ይገባል። እስከዚያ ድረስ ባለቤቱ ሊያደርገው የሚችለው አለ። የሚታዩትን ትሎች በወረንጦ እየለቀመ ጨው በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ይጥላል፤ ትሎቹ ከብርሃን ስለሚሸሹ ወደ እጥፋቱ ውስጥ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ትሉ እንዳይጨፈለቅም ይጠነቀቃል። ጥንቸሏን በባልዲ ውሃ መንከር ግን አይገባም፤ የቀዘቀዘውን ሰውነቷን ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል፣ ያስደነግጣታል፣ ፀጉሩንም ረጥቦ ለመላጨት የማይመች ያደርገዋል፤ የሚያስፈልግ ከሆነ ቁስሉ ብቻ ለብ ባለ ኖርማል ሳላይን ይታጠባል፣ ወዲያውም በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል። የፀጉሩ መላጨት ለሐኪሙ ቢተው ይመረጣል፤ የጥንቸል ቆዳ እንደ ወረቀት ስለሚሳሳ መቀስ ቁስል ላይ ቁስል ይጨምራል፤ በቶንዶዝ እንኳ በጥንቃቄ የሚሠራ ነው። በጨርቅ በተጠቀለለ ሞቅ ያለ ውሃ በያዘ ጠርሙስ አጠገብ አድርጎ፣ ዝንብ በማይገባበት ካርቶን ወይም ቅርጫት ይዞ መሄድ ይበቃል።

ሐኪሙ የሚያደርገው ከዚህ ይሰፋል፦ በማደንዘዣ ወይም በማረጋጊያ ቁስሉን ያጸዳል፣ ፈሳሽ ይሰጣል፣ እንደ ሜሎክሲካም ያለ የሕመም ማስታገሻና በመርፌ የሚሰጥ ጸረ ተሕዋስያን ይሰጣል። በከብት መድኃኒት መደብሮች በቀላሉ የሚገኘው አይቨርሜክቲን ያመለጡትን እጮች ስለሚገድል ይታዘዛል፤ ነገር ግን ለከብት የተዘጋጀው 1 በመቶ ፈሳሽ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ስለያዘ ሁለት ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል የሚያስፈልጋት ከአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አሥረኛ እንኳ የማይሞላ ነው። በዓይን ግምት የሚወጋ ሰው አሥር እጥፍ መስጠቱ አይገርምም። መድኃኒቱም እንቁላልን አይገድልም፤ ትሉንም ወዲያው ስለማይገድል መልቀሙን አይተካም። ቁስሉ ወደ ሆድ ዕቃ ወይም ወደ ብልት የዘለቀ ከሆነ ሐቀኛ ሐኪም ከሥቃይ ማሳረፍን ያነሣል፤ ይህም ሊደመጥ የሚገባው ምክር ነው።

ጉዳት የሚያደርሰው ግን ከሁሉ በላይ በቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው። ለበረሮና ለዝንብ የተገዛ ፍሊት በቁስል ላይ ይረጫል፤ ለበግ ቅንቅንና መዥገር የሚበጠበጠው ዲያዚኖን ይቀባል፤ ናፍጣና ላምባ ይፈስሳል። እነዚህ ትሉን ይገድሉ ይሆናል፤ ከተላጠ ቆዳ በቀጥታ ወደ ደም ስለሚገቡ ግን እንስሳዋንም ይመርዛሉ፤ ዲያዚኖን የመረዛት እንስሳ ለሐጯ ይዝረከረካል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትንፋሿ ይቆማል። ለውሻ ቁንጫ የሚሸጠው ፊፕሮኒል ለውሻ የሚስማማ ሆኖ ሳለ ጥንቸልን ሊገድል ይችላል። ሰው የሚውጠው አሞክሳሲሊንም በጥንቸል አፍ ከተሰጠ የዕውር አንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያ አጥፍቶ ለሞት የሚያደርስ ተቅማጥ ያመጣል። በርበሬ መነስነስን የሚያስብ ካለም፣ የበርበሬውን ማቃጠል የሚፈጥረው ካፕሳይሲን በአጥቢ እንስሳት ሁሉ ነርቭ ላይ ያለውን የሙቀትና የሕመም ተቀባይ የሚቀሰቅስ ነው፤ ይህን ተቀባይ እ.ኤ.አ. በ1997 የለየው ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ጥንቸልም አህያም ተቀባዩ አላቸው፤ ከተቀደደ ጆንያ በገጣባ ላይ የሚፈስሰው የበርበሬ ብናኝ አህያዋን የሚያንገበግባት ለዚህ ነው። ከአገር ባህላዊ መድኃኒት መካከል የድግጣ ቅጠል ጭማቂ በቅማልና በቁስል ትል ላይ በብዙ የገጠር አካባቢ ይሠራበታል፤ በከብት ላይ የተለመደውን ግን ጥቂት ኪሎ በምትመዝን ጥንቸል ላይ በተመሳሳይ ልክ ማዋል ደፋርነት ነው።

አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህችው ሉሲሊያ በሆስፒታል ቁስል ለማጽዳት ትውል የለም ወይ? ትውላለች። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ዊሊያም ቤር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሜዳ ላይ የተላ ቁስል የነበራቸው ወታደሮች ከተጠበቀው በላይ ማገገማቸውን አስተውሎ ዘዴውን በሕሙማን ላይ ሞክሯል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2004 እጮቹን ለሕክምና ፈቅዷል። እዚያ ግን እጩ ከተሕዋስያን ንጹሕ በሆነ ላቦራቶሪ ይፈለፈላል፣ ተቆጥሮ በፋሻ ሥር ይገባል፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ተለቅሞ ይወጣል፤ የሚመገበውም የሞተውን ሥጋ ነው። በጥንቸል ጅራት ሥር የተፈለፈለውን የሚቆጥረውም የሚያስወጣውም የለም፤ ለስላሳና እርጥብ ቆዳ ላይም ሕያውን ከሙት አይለይም።

አስቀድሞ መከላከሉ ርካሽ ነው። የጥንቸል ምግብ በዋናነት ድርቆሽና ሣር ይሁን፤ ፉርሽካና ካሮት በልኩ። የሳጥኗ ጭድ በእርጥበት ሳይሻግት በየቀኑ ይነሣ፤ መስኮቱም በደቃቅ የሽቦ ወንፊት ወይም በአጎበር ቁራጭ ይሸፈን። በዝንብ ወቅት ጠዋትና ማታ ጅራቷ ሥር መታየት አለበት፤ እንቁላል በ8 ሰዓት ሊፈለፈል የሚችል ከሆነ በቀን አንድ ጊዜ ማየት አይበቃም። በአውሮፓ የዝንብ እጭ እንዳያድግ የሚያደርገው ሳይሮማዚን የተባለ ፈሳሽ በጥንቸል ጀርባና ጅራት ዙሪያ ይቀባና እስከ 10 ሳምንት ይከላከላል፤ መድኃኒቱ የተፈለፈለውን እጭ ቆዳ እንዳይቀይር ያደርጋል እንጂ የደረሰ ትልን አይገድልም፣ ዝንብንም አያባርርም፤ ስለዚህ የሚቀባው ቁስል ሳይኖር ነው።

ታክማ ወደ ቤት የተመለሰች ጥንቸል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በየጥቂት ሰዓቱ ልትታይ ይገባል፤ በጸዳው ቁስል ዙሪያ ባለ ፀጉር ላይ የቀረ አንድ የእንቁላል ክምችት ሁሉንም እንደገና ያስጀምራልና። በራሷ እስክትበላ ድረስም የረሰረሰ የድርቆሽ ዱቄት መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በአፏ ጎን ቀስ እየተደረገ ይሰጣታል፤ አንጀቷ መሥራት መጀመሩ የሚታወቀው ሳጥኗ ውስጥ ደረቅ በጠጥ ሲገኝ ነው።